ሁለተኛው ቀዳዳ

መርማሪዋ በሩን ስትከፍት ሙቀቱ ፊቷን መታት። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ነበር። የተቃጠሉ ሕፃናት ቁስል የሚታጠብበትና ፋሻ የሚቀየርበት ክፍል ሁልጊዜ እንዲህ ይሞቃል፤ ቆዳ የሌለው ገላ ቶሎ ይበርደዋልና። በጎማ በተሸፈነው ጠረጴዛ ላይ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ተኝታለች። ነጭ አንሶላ እስከ አገጯ ተስቦላታል፤ ፊቷን ለመሸፈን ግን የደፈረ አልነበረም። የቀኝ እግሯ ፋሻ ተፈትቶ የግራው እንደተጠመጠመ ቀርቷል። ክፍሉ ቅባት፣ ሳሙናና ያመረቀዘ ቁስል ይሸታል። ከዚህ ሁሉ ስር ደግሞ ሌላ ሽታ ነበር፦ በፍርሃት የወጣ፣ በየቀኑ እየታጠበ ጨርሶ ያልለቀቀ የልጆች ሽንት።

መርማሪዋ ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ አጭርና ደልደል ያለች ሴት ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «እሜቴ ልቅም» ይሏታል፤ ከእህል ውስጥ ጠጠር እንደሚለቅም ሰው ሁሉን አንድ በአንድ እያነሣች ስለምታይ። ጃኬቷን አውልቃ ክንዷ ላይ አንጠለጠለችና ጠረጴዛውን ዞረችው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ከበሩ አጠገብ የቆመው ሰው።

የቃጠሎ ሕክምናው ክፍል ኃላፊ፣ ቀዶ ሐኪሙ ነው። ፀጉሩ ገብስማ፣ ድምፁ ለስላሳ። ሠራተኞቹ «ዶክተር እርጋታ» ብለውታል፤ ልጆች እየጮሁ ነርሶች እንባቸውን ሲጠርጉ እሱ ብቻ ፊቱ ሳይለወጥ ይሠራል እየተባለ ይደነቅለታል። ነጭ ጋዎኑን እስከ አንጓው ቆልፎታል፤ ላቡ ግን በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

«ግልጽ ከሆነ ያስረዱኝ» አለችው።

«ልጅቱ የፈላ ውሃ ተገልብጦባት ነው የመጣችው። ሁለት እግሯ። በደንብ እየዳነች ነበር። ዛሬ ፋሻ ከመቀየሩ በፊት ፈንታኒል ተሰጣት። ብርቱ የሕመም ማጥፊያ ነው፣ ሲበዛ ትንፋሽ ያቆማል። ካርዷን ይመልከቱ። ለክብደቷ ከሚገባው ሦስት እጥፍ ነው የተሰጣት።»

«ማነው የሰጣት?»

«የሰመመን ባለሙያዋ። በገዛ እጇ ጽፋዋለች። ጎበዝ ልጅ ነበረች፤ ያሳዝናል።»

«የሚያሳዝነው የትኛው ነው?»

ሐኪሙ አያት። የቆመበት የበሩ ጥግ ጨለም ያለ ነው። የዓይኑ ብሌን ግን በዚያ ድንግዝግዝ ጠባ፣ የስፒል ራስ አክላ ነበር።

«ሁሉም» አለ።

*

የሰመመን ባለሙያዋን አንሶላ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ አገኘቻት። ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። የታጠፈ አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጣ አንጓዋን በጥፍሯ እየቧጠጠች ደም አውጥታዋለች።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች ገና ሳትጠየቅ።

«እሱን ለኔ ተይልኝ። አንቺ የሆነውን ብቻ ንገሪኝ።»

«ሬዲዮ ነበር የምንላት። ወሬ አታቋርጥም። ቁስሏን ስናጥብ እንኳ እያለቀሰች ታወራለች። ዛሬም ‘መርፌው ዛሬ ይሠራል ወይስ እንደ ትናንቱ ነው?’ ብላኝ ነበር።» የአንጓዋን ደም በአንሶላው ጠረገች። «ሰጠኋት። የቀኝ እግሯ ፋሻ ተፈትቶ እንዳለቀ ደረቷ እንደ ጣውላ ደረቀ። በእጅ የሚጨመቀውን የአየር ፊኛ አፏ ላይ ደፍቼ ብጨምቀው፣ ብጨምቀው አየር አይገባም። ያበጠባት መሰለኝ፣ ጉሮሮዋ። የመድኃኒት መቆጣት። ከዚያ ልቧ ቆመ።»

«የመድኃኒቱ መብዛት አልመጣልሽም?»

«እንዴት ይምጣልኝ! ትናንትም ያንኑ ያህል ነው የሰጠኋት። ከትናንት ወዲያም። እንደዚያም ሆኖ ትጮህ ነበር።»

መርማሪዋ ብድግ ብላ በሩን ዘጋችው።

«ሦስት እጥፍ ተሰጥቷት ትጮህ ነበር?»

«ሁሉም ይጮሃሉ። አራት ወር ሆነው። በፊት በትንሹ ይተኙ ነበር። ለዶክተር ብነግረው ‘ልጆቹ መድኃኒቱን ለምደውታል፤ እስኪተኙ ጨምሪ’ አለኝ። ጨመርኩ።»

«ባለፈው ሳምንት አዲስ የገባ ልጅ አለ?»

«አለ። ዘይት የፈሰሰበት።»

«ለእሱስ ስንት ሰጠሽው?»

ባለሙያዋ አንጓዋን መቧጠጧን አቆመች።

«ያንኑ… ሦስት እጥፍ» አለች።

«በመጀመሪያ ቀኑ። መቼ ለመደው?»

ባለሙያዋ ፊቷን አንሶላው ውስጥ ቀበረች። መርማሪዋ ልታባብላት አልሞከረችም። አራት ወር ሙሉ ይህን አንድ ጥያቄ ራሷን ሳትጠይቅ መቆየቷ አንገሽግሿታል።

«የዚህ መድኃኒት ማርከሻ አለው?»

«አለው። እዚያው ክፍል ቁምሳጥን ውስጥ። መብዛቱን ብናውቅ ኖሮ…» ቃሉን አልጨረሰችውም። «በሁለት ደቂቃ ውስጥ ትንፋሿን ይመልሰው ነበር።»

*

ዋናዋ ነርስ ሃያ ዓመት ፋሻ ስትፈታና ስትጠመጥም የኖረች፣ ክንደ ወፍራም፣ ነገር የማይበግራት ሴት ናት። ልጆቹ «እትዬ ፋሻ» ይሏታል። መርማሪዋን ቆማ ነው ያነጋገረቻት፤ ባልዲ እያጠበች።

«የቁምሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«ሁለት ነው። አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ዶክተር ጋ። መድኃኒቱ ከግምጃ ቤት ታሽጎ ይመጣል፣ ቁምሳጥን ይገባል፣ በየቀኑ ከዚያ እየወጣ ይቀዳል። አንድ ብልቃጥ፣ አንድ ልጅ፣ አንድ መርፌ። የተረፈ ቢኖር እንኳ ተመልሶ አይወጋም። ደንባችን ነው።»

«ዛሬም ከቁምሳጥኑ ነው የወጣው?»

«ዛሬ አይደለም። ባዶ ነበር። ሦስት ልጆች ለሰመመኑ ሲባል ከማታ ጀምሮ ምግብ አልቀመሱም፤ በረሃብ ያለቅሳሉ። ዶክተር ስብሰባ ላይ ነው። እኔው ሮጬ ግምጃ ቤት ሄድኩ፣ ፈርሜ አዲስ ካርቶን አመጣሁ። እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ ነው እሽጉን የቀደድነው።»

«ዶክተሩ መቼ ደረሰ?»

«ልጅቱ ትንፋሽ ባጠራት ጊዜ። አስጠርቼው መጣ።»

«ምን አደረገ?»

«ምን ያደርጋል። ቆመ። እንደ ልማዱ ረጋ ብሎ።» ባልዲውን ገለበጠችው። «ለሱማ ተፈጥሮው ነው። እኔ ሃያ ዓመት ሠርቼ አሁንም ቤቴ ስገባ ጩኸታቸው ጆሮዬ ውስጥ ነው። ለሰውየው እግዜር ምን ዓይነት ልብ እንደሰጠው እንጃ። አንድ ቀን፣ ልጆቹ ላይ መድኃኒቱ እየሠራ አይደለም፣ ብልቃጦቹ ይመርመሩ ብዬው ነበር። ‘ሲስተር፣ ልጅ ያለቅሳል። ሲያድግ አያስታውሰውም’ አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ምን እላለሁ። አለቃዬ ነው። አራት ሆነን ይዘናቸው እናጥባለን።» እርጥብ እጆቿን ዘርግታ አያያዙን አሳየቻት። «አንዱ ጭንቅላት፣ አንዱ እጅ፣ ሁለታችን እግር። እንደ በግ።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ዘግታ ወደ መድኃኒት ግምጃ ቤቱ ሄደች።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሽማግሌ ፋርማሲስት ነው። ያለ ፊርማና ያለ ማኅተም አንዲት ክኒን ስለማያወጣ «አባባ ማኅተም» ብለውታል። መርማሪዋ ገና ጠይቃ ሳትጨርስ ቱግ አለ።

«እኔን ነው የምትጠረጥሪው? ከዚህ ቤት የወጣ ካርቶን እሽጉ ሳይነካ ነው የሚወጣው!»

«አባባ፣ አምና ሁለት ካርቶን ጎድሎብዎት ነበር ይባላል።»

«ወድቆ ተሰብሮ ነው! ስብርባሪውን ለቅሜ አስረክቤያለሁ።» የወጪ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «አሁን ደግሞ ሕፃን ሞተች ብላችሁ በኔ ላይ ልትለጥፉ። ሄደሽ የሚጠጡትን ጠይቂ።»

«የሚጠጡት እነማን ናቸው?»

«እኔ ምን አውቄ። የቃጠሎ ክፍሉ ሰዎች ከበፊቱ ሦስት እጥፍ የሚይዝ ብልቃጥ ይወስዳሉ። የልጆቹ ቁጥር ያው ነው።»

*

እናትየዋ ኮሪደሩ መጨረሻ ባለው አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ማንም አጠገቧ የለም፤ የሚያልፈው ሁሉ ግድግዳ ግድግዳውን ታኮ ያልፋል። መርማሪዋ ጎኗ ተቀመጠች።

«ሽሮ ቀለም ያለው ቀሚስ አምጪልኝ ብላኝ ነበር» አለች እናትየዋ። «ስወጣ የምለብሰው ብላ። ሐሙስ ትወጣለች ብለውኝ ነበር።»

«እህቴ፣ ዛሬ በር ላይ ነበርሽ?»

«መቼ ተለይቼ አውቃለሁ። አያስገቡኝም እንጂ በሩ ላይ ነኝ። ሌላ ቀን ጩኸቷን ነው የምሰማው። ማደንዘዣ ሰጥታችኋታል ወይ ስላቸው ሰጥተናል ይሉኛል። ተሰጥቷት ነው እንዲህ የምትጮኸው ስላቸው፣ ልጅ ስለሆነች ነው። ዛሬ ግን ዝም አለች። ተመስገን፣ ተኛችልኝ አልኩ።» ከንፈሯን ነከሰች። «ተመስገን ነው ያልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ሩጫ ሆነ። ዶክተሩ በአጠገቤ አልፎ ገባ። በሩ አልተዘጋም ነበር። ምን አለ መሰለሽ? ‘ከየትኛው ካርቶን ነው የቀዳችሁት?’»

መርማሪዋ ቀና አለች። «ልክ እንደዚያ?»

«ልክ እንደዚያ። ምን ሆነች አላለም። ትተነፍሳለች ወይ አላለም። ሲስተሯ ‘ዛሬ ጠዋት ከግምጃ ቤት ያመጣሁት ነው’ አለችው። ከዚያ ዝም። እሱ ዝም ብሎ ቆመ፤ ያቺ ልጅ ፊኛውን ትጨምቃለች፣ ታለቅሳለች፣ እሱ ቆሟል። ልጄ እየሞተች ካርቶን ምን አገባው ብዬ ነበር ለራሴ። ምን አገባው?»

«እስካሁን አላውቅም» አለች መርማሪዋ። ግማሹን ግን ማወቅ ጀምራ ነበር፤ ያወቀችውም ቀፏታል።

*

በነጋታው ጠዋት መርማሪዋ ከፋሻ ክፍሉ ያገለገለ መርፌና ብልቃጥ የሚጣልባቸውን ቢጫ ሴፍቲ ቦክሶች በሙሉ እንዲያወጡላት ጠየቀች። የሁለት ሳምንት ቆሻሻ ነው፤ ሊቃጠል የተዘጋጀ። በሆስፒታሉ ጓሮ ሲሚንቶ ላይ ላስቲክ አስነጠፈችና፣ እጇን በድርብ ጓንት ሸፍና ዘረገፈችው። ደም የደረቀበት መርፌ፣ መግል የነካው ጥጥ፣ ከሰው ቆዳ ጋር ተጣብቆ የተነሣ የፋሻ ቁራጭ። ዝንቡ ወዲያው ደረሰ። አብሯት የመጣው የአሻራ ባለሙያ ፊቱን አዞረ።

«እሜቴ፣ ይሄን ለማቃጠያው ብንተወውስ?»

«አንተ ይሄን ያዝ» አለችና አጉሊ መነጽሩን ሰጠችው።

ሠላሳ አንድ የፈንታኒል ብልቃጥ ለቀመች። ብልቃጡ የጎማ ክዳን አለው፤ በጎማው ላይ ደግሞ የፕላስቲክ ቆብ። ቆቡ ሲነሣ ጎማው ይገለጣል፣ መርፌው ጎማውን ወግቶ መድኃኒቱን ይስባል። አንድ ብልቃጥ፣ አንድ መርፌ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ሊኖር ይገባል።

«ሁለት» አለ ባለሙያው የመጀመሪያውን አይቶ። ሁለተኛውን አነሣ። «ሁለት። ይሄም ሁለት። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን መርፌ።»

ሠላሳው ላይ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ነበር። አንዱ ላይ ብቻ፣ የልጅቱ ስምና የሞተችበት ቀን የተለጠፈበት ላይ፣ አንድ።

ቀጥላ ቆቦቹን ለቀመች። በብዙዎቹ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የደረቀ፣ ሐምራዊ፣ እንደ ቀጭን ልጥ የሚላጥ ነገር አለ። አንዱን በወረቀት ጠቅልላ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄደች። አባባ ማኅተም አሁንም እንደተቆጣ ነበር፤ ሐምራዊውን ነገር ወደ መብራቱ አስጠግቶ ሲያይ ግን ቁጣው ጠፋ።

«የቆዳ ማጣበቂያ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የተተከለ ቆዳ የሚያያይዙበት። የት አገኘሽው?»

«ለማን ለማን ነው የሚሰጡት?»

ሽማግሌው መዝገቡን ገለጠ። ዓመቱን ሙሉ የወጣው በአንድ ፊርማ ነው። ጣቱን ፊርማው ላይ አስቀምጦ መርማሪዋን አያት። ከዚያ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ከላቦራቶሪው ስልክ ተደወለ። በሠላሳው ብልቃጥ ግርጌ የቀረው ጠብታ አብዛኛው የጨው ውሃ ነው። በሠላሳ አንደኛው ውስጥ የቀረው ግን ምንም ያልተቀላቀለበት፣ ሙሉ ኃይሉ ያለው መድኃኒት።

*

በሦስተኛው ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርማሪዋ ሁሉንም እዚያው ፋሻ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ማሞቂያው ልክ ቁስል እንደሚታጠብበት ቀን እንዲበራ አስቀድማ አዝዛ ነበር። እናትየዋን ብቻ ወንበር ሰጠቻት። ሌሎቹ በጠረጴዛው ዙሪያ ቆሙ። በር ላይ ሁለት ፖሊሶች ነበሩ።

«ሙቀቱ ይቅርታ» አለች ጃኬቷን እያወለቀች። «ልጆቹ በየቀኑ የሚሆኑበት ነው።»

ነርሷ ሹራቧን አወለቀች። አባባ ማኅተም ኮቱን አጥፎ ክንዱ ላይ አደረገ። የሰመመን ባለሙያዋ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ የተቧጠጠው አንጓዋ ታየ።

«ከካርዶቹ ልጀምር። ከአራት ወር ወዲህ የሁሉም ልጆች መጠን እኩል እያደገ ሄዷል። ቢለምዱት ኖሮ የቆየው ብዙ፣ አዲሱ ትንሽ ይፈልግ ነበር። አዲስ የገባውም የፈለገው ሦስት እጥፍ ነው። ስለዚህ የተለወጡት ልጆቹ አይደሉም። መድኃኒቱ ነው። አንድ ሰው መድኃኒቱን በቀጭን መርፌ እየመጠጠ፣ በቦታው የጨው ውሃ እየሞላ፣ ቆቡን በሙጫ መልሶ ይለጥፍ ነበር።»

ነርሷ «ውይ!» ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

«ሲስተሯ ማክሰኞ ያመጣችው ካርቶን ከግምጃ ቤት ቀጥታ እዚህ ጠረጴዛ ላይ መጣ። ቁምሳጥን አልገባም። ያ ብልቃጥ ንጹሕ ነበር። ስለዚህ አባባ ማኅተም የሉበትም፤ የሚበላሸው ከሳቸው እጅ ከወጣ በኋላ ነው።»

ሽማግሌው ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ፊቱ ላይ ደስታ አልታየበትም።

«ሰመመን የሰጠችው ልጅ ደግሞ፣ ውሃ የምትቀላቅለው እሷ ብትሆን ኖሮ አዲስ እሽግ ዓይኗ እያየ ሲቀደድ መጠኑን ትቀንስ ነበር። አልቀነሰችም። አታውቅም ነበር። ማወቅ ግን ነበረባት።»

«ነበረብኝ» አለች ልጅቷ።

«ቁምሳጥኑን የሚከፍቱት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሲስተር ብትሆን ኖሮ ንጹሑን ካርቶን በገዛ እጇ፣ ምንም ሳትናገር አታመጣም። ብልቃጦቹ ይመርመሩ ብላም አትጠይቅም ነበር። ቆቡን የለጠፈው ሙጫ የቆዳ ማጣበቂያ ነው፤ በዓመት ውስጥ ፈርሞ የወሰደው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ቀዶ ሐኪሙ ዞሩ። ጋዎኑ እስከ አንጓው እንደተቆለፈ ነው። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

«ሙጫ ከኪሴ ማንም ሊወስድ ይችላል» አለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር። «ይህ ሁሉ ግምት ነው። የልጅቷን ካርድ አይታችኋል።»

«አይተናል። መብዛቱን ከማንም በፊት የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እዚህ ክፍል የነበሩት ሁሉ ምን እንደሆነች ግራ ገብቷቸው ነበር። እርስዎ ግን እንደገቡ ስለ ልጅቱ አልጠየቁም። ስለ ካርቶኑ ጠየቁ። ለምን?»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«ብለሃል» አለች ነርሷ ድንገት። ሃያ ዓመት «እርስዎ» ስትለው የኖረች ሴት «አንተ» አለችው። «ብለሃል! እኔ ነኝ የመለስኩልህ። ዛሬ ጠዋት ያመጣሁት ነው ስልህ ፊትህ… አየሁት። ያን ጊዜ አልገባኝም።»

«መልሱን ሲሰሙ ሁሉም ነገር ገባዎት» አለች መርማሪዋ። «ንጹሕ መድኃኒት፣ ሦስት እጥፍ። ደረቷ ለምን እንደደረቀ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ማርከሻው እዚህ ነው፤ ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ። ‘ማርከሻ ስጧት’ ቢሉ ግን እንዴት አወቅህ ይባላሉ። ልቧ የቆመው እርስዎ ከገቡ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ነው፤ በካርዱ ላይ ሰዓቱ ተጽፏል። ስድስት ደቂቃ ቆመው አዩዋት።»

እናትየዋ ከወንበሯ ተነሣች። ከጠረጴዛው ጠርዝ ጀምራ እየቆጠረች ወደ ቁምሳጥኑ ሄደች፤ አምስት እርምጃ። ቁምሳጥኑን በመዳፏ ነካችው። ተመልሳ ተቀመጠች።

«ጋዎንዎን ያውልቁ» አለች መርማሪዋ።

«መብቴ ነው…»

«የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ይኸውና።»

አንደኛው ፖሊስ ቀረበ። ሐኪሙ አዝራሮቹን ራሱ ፈታ። ክንዱ ከአንጓው እስከ ክርኑ በመርፌ የተነቃቀሰ ነበር፤ አንዳንዱ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ጥቁር፣ ክርኑ አጠገብ ያለው አንዱ መግል ቋጥሯል። አባባ ማኅተም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ነርሷ አፏን በፎጣ ያዘች።

«ያ እርጋታህ» አለችው በፎጣው ውስጥ። «እነሱ እዚህ እየጮሁ… የነሱን መድኃኒት ተወግተህ ነው ያልተረበሽከው? እኛ ደግሞ ስናደንቅህ!»

«ወገቤን ታምሜ ነው» አለ። ለስላሳው ድምፅ ተሰንጥቆ ነበር። «ሦስት ዓመት። ያለሱ መቆም አልችልም። ካልቆምኩ ማን ይሠራቸዋል? ለስንት ልጅ ቆዳ እንደተከልኩ ታውቃላችሁ? ስንቱን እንዳዳንኩ? ትንሽ ነው የምወስደው፤ ለነሱ የሚበቃ እተው ነበር። ትንሽ ቢያማቸው አይሞቱም። ልጅ ይረሳል…»

«ዝም በል» አለች እናትየዋ።

ሐኪሙ እጆቹን ለፖሊሱ ዘረጋ።

ፖሊሶቹ ሲያወጡት ማንም አላየውም። ሁሉም የሚያየው ወለሉን ነበር። የሰመመን ባለሙያዋ እናትየዋ ፊት ሄዳ ቆመች፤ ልትንበረከክ ጉልበቷን ስታጥፍ እናትየዋ በክንዷ ያዘቻትና ከለከለቻት።

«ይቅርታ እንዳትጠይቂኝ» አለቻት። «የለኝም አሁን። ነገ ነው ቀብሯ፣ በስድስት ሰዓት። ነይ። የመጨረሻ ወሬዋን የሰማሽው አንቺ ነሽ፤ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ። አንድም ቃል ሳታስቀሪ።»

«እመጣለሁ» አለች ልጅቷ።

*

ሰውየው ጣቢያ ከገባ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መርማሪዋ ሪፖርቷን እየጻፈች ሳለ የእስር ክፍሉን በር በጡጫው ሲደበድብ ሰማችው። ሄዳ በበሩ ትንሽ መስኮት አየችው። ወለሉ ላይ ተኮራምቷል፣ አፍንጫው ይፈስሳል፣ ሸሚዙ ላይ አስመልሷል።

«የሚያስታግስ ነገር ስጡኝ» አለ። «እባክሽ። አልቻልኩም። አጥንቴ ውስጥ ነው የሚሰማኝ። ሰው አይደላችሁም እንዴ? ሰው እንዲህ ሲሰቃይ እንዴት ቆማችሁ ታያላችሁ?»

ሕጉ ግልጽ ነው፤ የታመመ እስረኛ ይታከማል። ስልኩን አንሥታ የጣቢያውን ሐኪም ጠራች። ሐኪሙ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መጣ፤ የልብ ምቱን ለካ፣ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገለት፣ መርፌ ወጋው። «አይዞህ፣ አሁን ይሻልሃል» አለው። ጩኸቱ ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ሰውየው ብርድ ልብስ ለብሶ እንቅልፍ ወሰደው።

የጠባቂው መዝገብ ላይ መርማሪዋ ሰዓቱን ጻፈች፦ የጠየቀበትን፣ ሐኪሙ የደረሰበትን፣ የተኛበትን። ፈረመችበት። ከዚያ ወደ ውጭ ወጣችና ከግቢው ጥግ ግንቡን በሁለት እጇ ተደግፋ፣ ሆዷ ውስጥ የነበረው ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ አስመለሳት።